ጓዳ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

በአማርኛ አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ቤት አለ። መኝታ ቤት፣ ማድ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ሽንት ቤት። እንግሊዝኛው "ሩም" እያለ የሚሸነሽነውን እኛ እያንዳንዱን ራሱን እንደቻለ ቤት ነው የምንጠራው። ዝም ብሎ የአፍ ልማድ አይመስለኝም። የድሮ ግቢ ዓይናችሁ ላይ ይምጣላችሁ፦ ዋናው ቤት ፊት ለፊት፣ ማድ ቤቱ ጭሱን ይዞ ከጓሮ፣ ሽንት ቤቱ ከሁሉም ራቅ ብሎ አጥሩ ጥግ። እውነትም እያንዳንዱ የራሱ ጣሪያና የራሱ በር ያለው ቤት ነበር። ኋላ ሁሉም ተሰብስቦ አንድ ቆርቆሮ ሥር ሲገባ ስሙን አልጣለም።

ይሄን ልብ ያልኩት አማርኛ ሳጠና አይደለም። አይልትስ ስዘጋጅ ነው።

የፈተናውን ነገር አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ወይ ተፈትናችኋል፣ ወይ ለመፈተን ብር እያጠራቀማችሁ ነው። የንግግሩ ክፍል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ ፈታኙ እንዲያው ለማሟሟቂያ ያህል ስለ ሥራ፣ ስለ ሰፈር፣ ስለ ቤት ይጠይቃል። የምትኖሪው ቪላ ነው አፓርታማ? ከቤትሽ የትኛውን ክፍል ትወጃለሽ? ብትችዪ ቤትሽ ላይ ምን ትለውጫለሽ? ቀላል የሚባሉት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ከባዱ በኋላ ነው የሚመጣው ይባላል። ለእኔ ግን የከበደኝ ቀላሉ ነበር።

የቃላት ዝርዝር ይዤ ተቀመጥኩ። "ዲታችድ" ማለት ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የማይጋራ ቤት ነው። "ሰሚ ዲታችድ" በአንድ ጎን ብቻ የሚጋራ። "ቴራስድ" ደግሞ በሁለቱም ጎን ተጋርቶ በረድፍ የተሠራ። እዚህ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ያደግሁበት የካዛንቺስ የቀበሌ ቤት በግራ ከጠላ ሻጯ፣ በቀኝ ከጡረተኛው ወታደር ጋር ግድግዳ ይጋራል። የአንዱ ሳል ለሌላው ይሰማል፤ ማታ ማን እንዳኮረፈና ማን እንደታረቀ ሬዲዮ ሳይከፈት ይታወቃል። እና በፈተናው እንግሊዝኛ እኔ የ"ቴራስድ ሃውስ" ልጅ ነኝ። ለንደን ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠሩ ቤቶች ከሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲሸጡ አይቻለሁ።

ዝርዝሩ እንዲህ እያለ ኑሯችንን ያሳምርልኝ ጀመር። "ኮዚ" ማለት ሞቅ ያለ፣ የሚመች ማለት ነው፤ ቤት ሻጮች ሲጽፉት ግን ጠባብ ማለት ነው። የእኛ ቤት በጣም ኮዚ ነው። "ዎልፔፐር"ም ነበረን። እማዬ ግድግዳው ላይ የሚቀባ ቀለም ሲያጥራት ጋዜጣ በሊጥ ትለጥፍ ነበር። ፊደል ቆጥሬ ስጨርስ መጀመሪያ ያነበብኩት የግድግዳችንን አዲስ ዘመን ነው፤ ግማሹ ዜና ተገልብጦ የተለጠፈ ስለነበር አንገቴን አጣምሜ። ጣሪያው ሥር በተወጠረው የማዳበሪያ ጆንያ ኮርኒስ ላይ ደግሞ አይጥ ሲሮጥ ይሰማል። እሱን የሚያሳምር ቃል ግን ዝርዝሩ ውስጥ አላገኘሁም።

ከዚያ ሰዋስው መጣ። እንግሊዝኛ አንድ ሰው ቤቱን ራሱ ቀባ ለማለትና በሌላ ሰው አስቀባ ለማለት የዓረፍተ ነገሩን አጥንት ይቀይራል። መጽሐፎቹ ይሄን ሲያስተምሩ ምሳሌያቸው ሁሌ የቤት ጥገና ነው፤ ጣሪያ ማሳደስ፣ ግድግዳ ማስቀባት፣ ቧንቧ ማሠራት። ተማሪ ሁሉ የሚንገዳገድበት ቦታ ነው። አማርኛ ግን በአንድ "አስ" ይገላገለዋል። ቀባሁ፣ አስቀባሁ። ለሰንኩ፣ አስለሰንኩ። ሁለት ፊደል ጣል ታደርጋለህ፣ ሠራተኛው ከነመሰላሉ ቤትህ ገባ ማለት ነው። እኛ ቤት ይቺ "አስ" ብዙ አልሠራችም። እማዬ ለፋሲካ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክታ በእጇ ትለስናለች፤ እኔና ወንድሜ ውሃ እናመላልሳለን። እንግሊዞቹ ይሄንንም "ዱ ኢት ዩርሰልፍ" ብለው ስም አውጥተውለታል፤ በትርፍ ሰዓት የሚሠራ መዝናኛ ነው አሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት በሦስት ቋንቋ ነው የሚቆመው። ይሄን ደግሞ ግንበኛ ሲያወራ ስሙ። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ብሎኬት፣ አርማታ፣ ላሜራ፣ ሊሾ፣ ስቱኮ፣ ኮርኒስ፣ ላቫንዲኖ፣ ባኞ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ፌሮ ብረት ማለት ነው፣ ሊሾ ለስላሳ ማለት ነው፣ አርማታ "የታጠቀ" ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ብረት የታጠቀ ሲሚንቶ። ጣሊያን በ1933 ከከተማው ሲወጣ ቃሉን ግንበኛው አፍ ውስጥ ትቶት ሄደ። የሰፈሬ ስም ራሱ ከዚያ ነው። ካዛንቺስ የሚባለው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ድርጅት ምህጻረ ቃል ነው፤ "ካዜ ኢንቺስ" ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ስንት ዘመን ሰፈራችንን ስንጠራ "ቤቶቹ" እያልን እንደነበር የገባኝ ሰፈሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ቤቱ ተሠርቶ ሊሸጥ ሲል ደግሞ ቋንቋው ይቀየራል። ደላላ በጣሊያንኛ አይሸጥም። "ፊኒሺንጉ አንደኛ፣ ጂ ፕላስ ቱ፣ ማስተሩ ባለ ዎክ ኢን ክሎዜት፣ ሎኬሽኑ አይወራ።" ሠራተኛው በጣሊያንኛ ያቆመውን ነጋዴው በእንግሊዝኛ ዋጋ ይጨምርበታል። "መኝታ ቤት" ሲባልና "ማስተር ቤድሩም" ሲባል ካሬው ያው ሆኖ ብሩ ይለያያል።

እማዬ ይሄን "ማስተር" መጀመሪያ ስትሰማ "ደግሞ መኝታ ቤቱም ማስተርስ ያዘ?" አለች። የሚገርመው አሜሪካኖቹ ራሳቸው ቃሉን ሸሽተውታል። የሂዩስተን የቤት ሻጮች ማኅበር በፈረንጆቹ 2020 "ማስተር" የሚለውን ከዝርዝሩ አውጥቶ "ፕራይመሪ" በሚል ተካው፤ ጌታና ባሪያን ያስታውሳል ተብሎ። እኛ ደግሞ "ሰርቪስ ቤት" የሚል ቃል አለን። ለአገልጋይ ተብሎ ከዋናው ቤት ጀርባ የሚሠራ ነው። ዛሬ ግማሹ የዚህ ከተማ ወጣት ሰርቪስ ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ማንን እያገለገልን እንደሆነ ስሙን ስንጠራ አንጠይቅም።

ኑሮው ግን አሁንም በአማርኛ ነው። ደጅ፣ ጓሮ፣ ጓዳ፣ ምድጃ፣ መደብ። አንዳንዱ ቃል እንዲያውም ከቤት ወጥቶ አገር ያስተዳደረ ነው። ደጃዝማች ማለት የደጅ አዝማች ነው። የንጉሥን እልፍኝ የሚጠብቀው ሹም እልፍኝ አስከልካይ ይባል ነበር። ግጥም ስንጽፍ ስንኝ "ቤት መታ" እንላለን። ቤተሰብም ቃሉ ራሱ የሰው ቤት ነው።

እንግዲህ በ2017 የእኛ ረድፍ ለመልሶ ማልማት ተነሳ። ስለ አነሳሱ ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። ቤቱ የእኛ አልነበረም። በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ነው የተሰጡት፤ አያቴ ከዚያ ወዲህ ነው የገባችበት። የእኛ ያልሆነ ቤት ውስጥ ሦስት ትውልድ ኖርን። በምትኩ ከከተማው ዳር ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ደረሰን። ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው እንደሚያውቀው፣ ቁልፍ ትረከባላችሁ እንጂ ቤት አትረከቡም። ወለሉ ሻካራ፣ የውስጥ በር የለም፣ ግድግዳው ገና ቀለም ይጠብቃል። ፊኒሺንግ የሚባለው ነገር የሚጀምረው እዚህ ነው።

ገንዘቡን የሚልከው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው። ከገንዘቡ ጋር ቃላትም ላከ። በቴሌግራም ፎቶ ይመጣል፣ ከሥሩ ቃል አለ። "ኦፕን ኮንሴፕት።" "ባክስፕላሽ።" "አይላንድ።" የእሱ እንግሊዝኛ እንደኔ ከዝርዝር የተሸመደደ አይደለም። እሱ እዚያ ቤት የሚያድስ ሥራ ውስጥ ነው ያለው፤ የሰው ግድግዳ ያፈርሳል፣ ድራይዎል ያቆማል፣ ፕራይመር ይቀባል። ስለዚህ ሲናገር እጁ ያውቀዋል።

ዋናው ሐሳቡ በማድ ቤቱና በሳሎኑ መሀል ያለውን ግድግዳ ማፍረስ ነበር። ፊኒሺንግ የሚሠራልን ልጅ በጣቱ አንኳኳውና "ብሎኬት ነው፣ አይሸከምም፤ ፈቃዱን ከጨረሳችሁ በግማሽ ቀን አወርደዋለሁ ማዘር" አለ። ወንድሜ በቪዲዮ ሆኖ ያስረዳል፤ ብርሃን ይገባል፣ ቤቱ ይሰፋል፣ እማዬ እየሠራሽ ከእንግዳ ጋር ትጫወቻለሽ፣ መሀል ላይ አይላንድ ይቆማል።

"አይላንድ ምንድነው?" አለችኝ።

"ደሴት።"

"ማድ ቤቴ ጣና ነው እንዴ?"

ሳቅን። ከዚያ ግን ሳቋን ዋጥ አደረገችና ስልኩን ከእጄ ወሰደች። "ስማኝ የኔ ጌታ" አለችው። "ጓዳዬን አደባባይ ልታወጣው ነው?"

ወንድሜ መልስ አጣ። እኔም ያን ቀን ማታ መዝገበ ቃላት ከፍቼ ጓዳን ፈለግሁ። "ፓንትሪ" ይላል። ፓንትሪ ከዳቦ የመጣ ቃል ነው፤ ዳቦ የሚቀመጥበት፣ ምግብ የሚደረደርበት። ሙሉ መሆኑ ከስሙ ያስታውቃል። ጓዳ ግን እንደዚያ አይደለም። ጓዳ ባዶም ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር ባዶነቱ አለመታየቱ ነው። "የጓዳ ምስጢር" የምንለው ለዚህ ነው። "ጓዳዋን ማንም አያውቅባትም" ሲባል ለሴትዮዋ ምስጋና ነው።

የካዛንቺሱ ቤት አንድ ክፍል ነበር። ግን ጓዳ ነበረው። ጓዳው መጋረጃ ነው። ሲባጎ ላይ የተንጠለጠለ አበባ ያለው ጨርቅ። እንግዳ ድንገት ሲመጣ እማዬ "ቤት ለእንግዳ! ግቡ!" ትላለች፣ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ ትገባለች። ከመጋረጃው ጀርባ ምን እንደሚሆን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ትንሽ ስለሆንኩ እግሯ ሥር እቀመጥ ነበር። ለሦስት ሰው የተረፈውን እንጀራ ለአምስት ሰው ትቆርጣለች። ሽሮው ላይ ውሃ ትጨምራለች። በርበሬ ካለቀ ከጠላ ሻጯ ጋር በምንጋራው ግድግዳ ላይ ሁለቴ ኳ ኳ ታደርጋለች፤ ሴትዮዋ በጓሮ በኩል በሲኒ ትልካለች። ሁሉም ነገር ሲያበቃ መጋረጃው ይከፈትና እማዬ ትሪ ይዛ ትወጣለች፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። "በሉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ" ትላለች። እሷ "አሁን በላሁ" ነው ሁሌም።

ኦፕን ኪችን ፍሪጁ ሁሌ ለሞላ ሰው የተሠራ ነው። ሽንኩርት ሲከተፍ መታየት የሚያምረው ሽንኩርቱ ካለ ነው። አንዲት ሴት በሌላት ነገር እንግዳ ተቀብላ፣ ክብሯን ጠብቃ ለመሸኘት በእሷና በሰው መሀል አንድ ነገር ያስፈልጋታል፤ ጨርቅም ቢሆን። ወንድሜ ይሄን ማወቅ ነበረበት እንዳልል፣ እሱ ያኔ ከእንግዳው ጋር ነበር የሚቀመጠው። ወንድ ልጅ ስለሆነ ከመጋረጃው በዚያኛው በኩል ነው ያደገው። ያየው ትሪው ሲወጣ ነው።

የሽታና የጭሱን ነገር ደግሞ ማንም ይረዳዋል። ወጥ ለሰዓታት ይቁላላል፤ ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ፓስታ ነው የሚቀቅሉት። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲታቀዱ ይሄ ታስቦ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለበግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ሕንፃ ግቢው ውስጥ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። "ኮሙናል" ይባላል። እሱም ማድ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ ለብቻው የቆመበት የድሮው ግቢ በብሎኬት ተመልሶ መምጣቱ ነው። ግን ከአራተኛ ፎቅ ቡሆ ተሸክሞ መውረድና ትኩስ እንጀራ ይዞ መውጣት ለ60 ዓመት ጉልበት አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ተንጠልጥሎ ሳለ አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ከሥራ እንደገባ ደወለ። ስልኩን የሆነ ቦታ አደገፈውና ካፖርቱን ሊያወልቅ ዞረ። ሁሌ ፊቱን ነው የምናየው፤ ያን ቀን ቤቱን አየን። አልጋው አለ። ከአልጋው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ምድጃው። ከምድጃው ቀጥሎ መታጠቢያው። ላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ የጫማ ካርቶን የምታህል መስኮት፣ በመስኮቱ የመኪና ጎማ ይታያል።

"ይሄ የት ነው?" አለች እማዬ።

"ቤቴ ነዋ። ቤዝመንት ነው ያልኩሽ።"

ስድስት ዓመት ሙሉ "ቤዝመንት" ሲላት ሰምታለች። የሰፈር ስም ይመስላት ነበር። ወደኔ ዞረች። እኔም ተረጎምኩላት፤ ምድር ቤት፣ ከመሬት በታች ያለው። ቃሉን ከዝርዝሩ ላይ በደንብ ነው የማውቀው፤ "ሴላር" ከሚለው ጋር ያለው ልዩነት ሳይቀር።

እማዬ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "መጋረጃ እንኳን የለህም?" አለችው። ድምጿ ተሰበረ። ወንድሜ እየሳቀ "ኦፕን ኮንሴፕት ነው እማዬ" አለ። ሳቁ ግን አልዘለቀም። ቀን ቀን ግድግዳ እያፈረሰ ብርሃን የሚያስገባላቸው ቤቶች እንዳሉ፣ ሴቶቹ ሰፊው ኩሽና ውስጥ ቡና ይዘው ሲቆሙ እማዬን እዚያ ቦታ ላይ እያቆመ እንደሚያያት የዚያን ቀን ነገረን። ቃላቱን የሚልክልን ለዚያ ነበር። ለእሷ የተመኘው እሱ የሌለውን ነው።

ግድግዳው ቀረ። አልፈረሰም። ለማፍረሻና ለአይላንዱ የተባለው ብር ለሦስት ነገር ሆነ። አንደኛው ለማድ ቤቱ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ከሌላው ጋር ተጋርቶ አይዘልቅም። ሁለተኛው ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ መሳቢያ። ሦስተኛው ለማድ ቤቱ በር፤ ከላይ ብርሃን እንዲያስገባ መስታወት አለው፣ መስታወቱ ግን ልሙጥ አይደለም፣ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ብርሃን ያሳልፋል፣ ጓዳ አያሳይም። ይሄን የመረጠው ወንድሜ ነው። ስሙንም ላከልን፤ "ፍሮስትድ ግላስ" ይባላል። እማዬ "አቦል ሐሳብ" ብላ መረቀችው። እሷ ደግሞ በመልእክተኛ መጋረጃ ልካለታለች። የካዛንቺሱ አይደለም፤ አዲስ ነው። አልጋውና ምድጃው መሀል እንደሰቀለው ፎቶ አንስቶ አሳይቶናል።

ፈተናውን ተፈተንኩ። ፈታኟ እንደተጠበቀው ከቤትሽ የትኛውን ክፍል ትወጃለሽ አለችኝ። "ማድ ቤቱን" አልኳት በእንግሊዝኛ፤ በሩ ስለሚዘጋ። ለምን መዘጋቱ እንደሚወደድ ልትጠይቀኝ ስትል ሰዓቱ አለቀና ወደሚቀጥለው ክፍል ሄድን።

እንግሊዞች አዲስ ቤት ሲገባ የሚያደርጉትን ድግስ "ሃውስዋርሚንግ" ይሉታል፤ ቤት ማሞቂያ። የእኛ ቃል ከዚህ ይለያል። የገባን ሰሞን የድሮ ጎረቤቶቻችን ከተበተኑበት ተጠራርተው መጡ። ጠላ ሻጯ ከሌላ ሳይት፣ ጡረተኛው ከልጁ ቤት። አራት ፎቅ ደረጃ እያለከለኩ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙና እንደ ደንቡ "ቤት ለእምቦሳ!" አሉ። እማዬም እንደ ደንቡ "እምቦሳ እሰሩ!" አለቻቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ ጥጃ የት እንደሚታሰር የጠየቀ የለም። አስገባቻቸው፣ አስቀመጠቻቸው፣ ከዚያ ማድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።